የጎረቤት ልጅ ሄደ፣ የእኔስ?

ክረምት በወጣ ቁጥር የሚደርሰኝ ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በጋቢ ተጠቅልለው ቤት የከረሙ ሕፃናት ደጅ ይወጣሉ፣ ልጅ ከልጅ ይተያያል፣ ከዚያ የእናቶች ጭንቀት ይጀምራል። የማን ልጅ ቀድሞ በእግሩ ሄደ? የማን ቀረ? ዘንድሮም ከመጡልኝ ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ደሴ ውስጥ በእናቶችና ሕፃናት ክፍል በነርስነት ያረጀሁ ሴት ነኝ። መልሴ ጨዋታ ቢበዛበትም «ሐኪም ዘንድ ሂዱ» ያልኳችሁ ቦታ ላይ ግን ቀልድ የለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? ልጄ አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ይድኻል፣ ይዞ ይቆማል፣ እርምጃ ግን የለም። የጎረቤቴ ልጅ በአስር ወሯ ነው ድክ ድክ ያለችው። ቡና በተጠራራን ቁጥር «ያንቺ ገና ነው?» ይሉኛል። አማቴ ደግሞ «እግሩ ሰንፏል፣ ወጌሻ ይየው» እያሉ ነው። እኔም ሁለት እጁን ይዤ ላስኬደው ስል ይጮህብኛል። ምን ላድርግ?
(እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ «ያንቺ ገና ነው?» ላለሽ ሁሉ «አዎ፣ ገና ነው» በይና ቡናሽን ጠጪ።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኦማን፣ በኖርዌይና በአሜሪካ 816 ጤነኛ ሕፃናትን ከአራት ወራቸው ጀምሮ አስከትሎ፣ መቼ እንደተቀመጡ፣ መቼ እንደዳኹ፣ መቼ እንደሄዱ አስመዝግቦ ውጤቱን በ2006 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። ሳይደገፉ መሄድ የመጣው ከ8.2 ወር እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በቀዳሚውና በኋለኛው መካከል ከዘጠኝ ወር በላይ አለ፤ አንድ ሙሉ እርግዝና ማለት ነው። የጎረቤትሽ ልጅ በአስር ወሯ ሄደች፤ ያንቺ በአስራ አምስት ወሩ ቢሄድ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ቀድሞ መሄድ የብልህነት ምልክትም አይደለም፤ ይህን ለጎረቤትሽ ባትነግሪያት ይሻላል።

እኔ ልጅ ሲመጣልኝ እግሩን ከመንካቴ በፊት ዝም ብዬ አየዋለሁ። ክፍላችን ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር አጠገብ አቆመውና እናቱን ከወንበሩ ጫፍ አስቀምጣታለሁ። መጀመሪያ የማየው ሆዱን ነው፦ ወንበሩ ላይ ተለጥፏል ወይስ ራቅ ብሏል? ቀጥሎ እጁን፦ በሙሉ መዳፉ ነው የያዘው ወይስ በጣቶቹ ጫፍ ነክቶ ብቻ ነው የቆመው? ከዚያ የሻይ ማንኪያ እግሩ ሥር ጣል አደርጋለሁ። በአንድ እጁ ወንበሩን እንደያዘ ቁጢጥ ብሎ ማንኪያውን አንስቶ ተመልሶ ከቆመ፣ ያ ልጅ ያልሄደው እግሩ አቅም አጥቶ አይደለም፣ ልቡ ገና አልቆረጠም እንጂ። ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከትቶ ወደ ጎን አንድ ሁለት እያለ ወደ እናቱ ይጠጋል። ከወንበሩ ወደ ጉልበቷ ሲሻገር፣ ለቅጽበት ያህል፣ ሁለቱንም እጁን ይለቃል። እናትየው ብዙ ጊዜ ልብ አትለውም፣ ስለ ልጁ እግር ለእኔ እያወራች ነው። ለእኔ ግን «ወፌ ቆመች!» የሚባለው ያኔ ነው። ቤትሽ በመደቡ ወይም በሶፋው ዙሪያ እስቲ ሞክሪው።

እጁን ይዘሽ ስታስኬጂው የሚጮኸው እውነት ስላለው ነው። ሁለት እጁ ወደ ላይ ተጎትቶ ሲሄድ ክብደቱን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። በእግር ጣቱ ይቆማል፣ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ሚዛን መጠበቁን አይማርም፤ ያንቺም ወገብ ይጎዳል። መርዳት ካማረሽ ከኋላው ተንበርክከሽ ዳሌውን በስሱ ያዢለት፣ እጁ ነፃ ይሁን። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ የሚገፋው ነገር መስጠት ነው። ሊሾ ከሆነ ቤትሽ፣ የተገለበጠ በርጩማ ጥሩ አድርጎ ይንሸራተታል። ቀሎበት ከፊቱ ከሸሸበት በበርጩማው እግሮች መሀል ትንሽ ድንች አድርገሽ አክብጂው።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ይኸ ነው፦ ልጁ ከቀኑ ውስጥ ምን ያህሉን መሬት ላይ ይውላል? የእኛ ሰው ልጅ ያዝላል። ማዘል መልካም ነው፤ እግሩን ፈርከክ አድርጎ ጀርባ ላይ መዋሉ ለዳሌው መገጣጠሚያ ይስማማዋል። ነገር ግን ከጀርባ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ አልጋ ሲዘዋወር የሚውል ልጅ መቼ ይለማመድ? አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ12 እስከ 19 ወር የሆናቸውን ሕፃናት እንደ ልባቸው ሲጫወቱ ቀርጸው ቆጠሯቸው። አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 2,368 እርምጃ ይሄዳል፣ 17 ጊዜ ይወድቃል። ጥናቱ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ! እኛ አንዴ ሲወድቅ «እኔን! እኔን!» ብለን አንስተን እናዝለዋለን፣ ትምህርቱም እዚያው ያበቃል። ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፊ፣ አውርጂው፣ አጠገቡ ተቀመጪ። ሲወድቅ ቶሎ ፊትሽን ነው የሚያየው፤ ካልደነገጥሽ ብዙውን ጊዜ አያለቅስም።

አማትሽን አታስቀይሚ። ማታ ማታ እግሩን በቅቤ ማሸት ካማራቸው ያሹት፣ ልጁም ይወደዋል። መሳብ፣ ማጣመም፣ በእንጨት ማሰር ግን የለም። ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ ደም የተቋረጠበት እግር ጠቁሮ ሲመጣ አይቻለሁ። ያልተሰበረ እግር ወጌሻ ዘንድ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልን። እናቱ ሱቅ ስለምትውል የልጅ ልጄን የምይዘው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር ሆኖታል። አክስቱ ቶሎ እንዲሄድ ብላ ከጅዳ ዎከር የሚባለውን፣ ልጅ ውስጡ ተቀምጦ በእግሩ እየገፋ የሚሽከረከርበትን ላከች። ልጁ ይወደዋል፣ እኔም ሥራ እሠራበታለሁ። ጎረቤት ግን «እግር ያጣምማል» አለኝ። እውነት ነው?
(አያት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እትዬ፣ የእግሩን ነገር ልተወውና የባሰውን ልንገርዎት። በመጀመሪያ ዎከር ልጅን ቶሎ አያስኬድም። የሚሸከመው መቀመጫው ነው። መውደቅ የለ፣ መነሳት የለ፣ እግሩን እንኳ አያየውም፣ በጣቱ ጫፍ ወለሉን እየገፋ ይሄዳል። ሁለተኛው አደጋው ነው። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳይሸጥም እንዳይገባም በሕግ ከልክላዋለች፤ ዎከር ውስጥ ያለ ልጅ ዘወር እስኪሉ ከክፍሉ ማዶ ነውና። ከደረጃ ይወድቃል፣ ድሮ የማይደርስበት ነገር ላይ ይደርሳል።

ደሴን ያውቋታል፤ ጦሳ ተራራ ሥር ከተሠራው ቤት ስንቱ ነው ከበሩ እስከ ግቢው ደረጃ የሌለው? ያም ሆኖ ከደረጃው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ቡናው ነው። ቡናችን የሚፈላው መሬት ላይ፣ ልክ በልጁ ቁመት ነው። ከሰሉ የቀላ ምድጃ፣ ላዩ ላይ ጀበናው፣ አጠገቡ ረከቦቱ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ማጨሻው። አቦሉ ወርዶ ቶናው እስኪደርስ ጨዋታው ይሞቃል፤ በረካው ላይ ምርቃቱና ዱዓው ሲረዝም ሁሉም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ነው፣ ልጁን የሚያይ የለም። መቆም የሚያምረው ልጅ ደግሞ አጠገቡ ያገኘውን ይዞ ነው የሚነሳው። የጀበናውን አንገት ሊይዝ ይችላል፣ የረከቦቱን ጨርቅም ሊስብ ይችላል። ከቡና ሥር እየተነሱ የመጡልኝ ሕፃናት የተቃጠሉት አብዛኛውን ጊዜ ደረታቸውና ክንዳቸው ላይ ነው፤ ከላይ ስለሚፈስባቸው።

ስለዚህ ምድጃውን ጥግ ያስይዙና ከፊቱ አግዳሚ ወንበር ያጋድሙበት። ረከቦቱ ላይ ወደ መሬት የሚንጠለጠል ጨርቅ አይኑር። ቡና የምታፈላው ሰው የልጅ ጠባቂ አትሁን፣ ሁለቱን ሥራ ለሁለት ሰው ያካፍሉት። አላህ አያድርገውና ከተቃጠለ፣ ልብሱን ወዲያው አውልቀው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያፍስሱበት፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ካለ ግን አይላጡት። በረዶ አይሆንም፣ ቅቤ አይሆንም፣ የጥርስ ሳሙናም ሊጥም አይሆንም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈን አድርገው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ሥራ መሥራት እንዳለብዎ አውቃለሁ። እሳት አጠገብ ሲሆኑ ይዘሉት፤ ሌላ ሥራ ሲሆን ከሶፋው ጀርባ ያለችውን ጥግ ሰሌን አንጥፈው የድስት ክዳንና የእንጨት ማንኪያ ይስጡት። ጩኸቱን ግን ይቻሉት። ዎከሩን ለጎረቤት አይስጡ፣ እዚያም ያለው ልጅ ነው። የጅዳዋን አክስት ላለማስከፋት ደግሞ ልጁ በራሱ ጊዜ ሲሄድ በስልክ ቀርጸው ይላኩላት። በዎከሬ ነው ብላ ብታስብ ማንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምንኖረው ጊምባ አካባቢ ነው። ሴት ልጄ አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ዘግይታ ነው የሄደችው፣ አሁንም ስትሄድ ግራ ቀኝ ትወዛወዛለች። እግሮቿ ከጉልበቷ ላይ ወደ ውጭ ተቀስተዋል። ጥርስም ያወጣችው በቅርቡ ነው። ደረቷ ደግሞ ሳል አይለቀውም። እናቷ ብርዱንም ዓይኑንም ፈርታ እምብዛም ከቤት አላወጣቻትም። ሰው ሁሉ «ወፍራም ስለሆነች ከብዷት ነው» ይለናል።
(አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተን ደብዳቤ አንብቤ እንደሌሎቹ አላስቀመጥኩትም። መቀሰቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ አልደነግጥም ነበር። ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ የብዙ ሕፃናት እግር ቀስት ነው፤ ከዚያ ይቀናል፣ በሦስትና በአራት ዓመታቸው እንዲያውም ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ ኋላ ራሱ ይስተካከላል። ያንተ ልጅ መቀሰት ግን ከዘገየ ጥርስ፣ ከዘገየ እርምጃና ከማይለቅ ሳል ጋር ነው የመጣው። ሪኬትስ ሊሆን ይችላል፤ በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሕፃኑ አጥንት ሳይጠነክር ሲቀር የሚመጣ በሽታ ነው።

ዛሬ ማታ ልጅቷን ልብሷን አውልቀህ በደንብ እያት። የእጇ አንጓ ወፍሯል? በደረቷ ግራና ቀኝ፣ የጎድን አጥንቶቿ ጫፍ ላይ፣ ትናንሽ እብጠቶች ተደርድረው ይዳሰሳሉ? ግንባሯ ወደ ፊት ወጣ ብሏል? እርግብግቢቷስ ገጥሟል? የምታየውን ለሐኪሙ ንገረው፤ ምንም ባታይም በዚህ ሳምንት ውሰዳት። የደም ምርመራና የእጅ አንጓ ራጅ ነገሩን ይለየዋል። መድኃኒት አለው። በጊዜ ከተጀመረ አጥንቱ ይጠነክራል፣ እግሩም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይቀናል።

ስለ ሳሉ ለብቻው የማነሳው በምክንያት ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት አለ። በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ካልነበረባቸው 500 ሕፃናት ውስጥ የተገኘው ግን በ20ዎቹ ላይ ብቻ ነው። የደረት አጥንት ሲለሰልስ መተንፈሱም ማሳሉም ይከብዳል። እና «ከብዷት ነው» የሚሉህን አትስማ።

ፀሐይ ባለበት አገር ይህ በሽታ ከየት መጣ ትለኝ ይሆናል። ወደ ቆላው ቆቦ ብትወርድ ሕፃኑ በአንዲት ሸሚዝ ደጅ ሲንደባለል ይውላል። እናንተ ዘንድና ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ግን ልጅ ከነጋቢው ነው፤ ከጋቢው ውጭ የምትታየው አፍንጫው ብቻ ናት። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነው፣ ጋቢ ላይ ሲያርፍ አይደለም። በመስኮት መስታወት ያለፈ ፀሐይም አይጠቅምም። የእናት ጡት ከምግብ ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም በውስጡ ያለው ቫይታሚን ዲ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ ከማይገባበት ግድግዳ ሥር፣ እጇንና እግሯን ገልጣችሁ 20 ደቂቃ ያህል ፀሐይ አሙቋት፤ ዓይኗን ጥላ አድርጉላት። ይህ ግን አሁን ሐኪሙ የሚሰጣትን መድኃኒት አይተካም፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚሄድ ነው። እንቁላልና ወተትም አይጉደልባት። «አብሽ አጥንት ያጠነክራል» ብለው የሚያመጡላችሁን አጥሚት ትጠጣው፣ ግን አብሽ ፀሐይን አይተካም።

እናቷን አትቆጣት። ምችና ዓይን ፈርታ ልጇን መሸፈንን የተማረችው ከእናቷ ነው። ማሞቁን አንተ ጀምረው፣ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ታቅፈህ ደጅ ተቀመጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ የተወለደው በሰባት ወሩ ነው። አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። አልዳኸም፣ በቂጡ ብቻ ይንፏቀቃል። «ያልዳኸ ልጅ አይሄድም» ይባላል። ልፍራ?
(እናት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሂሳቡን እናስተካክል። ሁለት ወር ቀድሞ ስለመጣ ሁለት ወር ይቀነስለታል፤ ለእኔ ያንቺ ልጅ የአስራ አራት ወር ነው። እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ በዚህ ቁጠሪለት። ያልዳኸ ልጅ አይሄድም የሚባለው ደግሞ ልክ አይደለም። ቅድም በጠቀስኩት የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ውስጥ ከመቶ አራት ያህሉ ሕፃናት በእጅና በጉልበታቸው ሳይድኹ ነው ያለፉት። በቂጣቸው የሚንፏቀቁት ከሌሎቹ ዘግየት ብለው ይሄዳሉ፤ ተቀምጠው የትም መድረስ ከቻሉ ለመቆም ምን ያስቸኩላቸዋል?

ቀድሞ በመወለዱ ብቻ ግን አንድ ጊዜ ሐኪም ቢያየው ደስ ይለኛል። በተለይ እግሮቹ ገትረው የሚቀሩ ወይም ሲያነሱት እንደ መቀስ የሚቆላለፉ ከሆነ፣ አንዱን እጅ ወይም አንዱን እግር ብቻ የሚጠቀም ከሆነ አትቆይ። ለሌሎቻችሁም፦ አስራ ስምንት ወር ሞልቶት ያልሄደ፣ መሄድ ከጀመረ በኋላ በአንድ እግሩ የሚያነክስ፣ ወይም ይችል የነበረውን የተወ ልጅ ይታይ። ደህና ሲሄድ የነበረ ልጅ ድንገት እግሩ ከዛለና ከተልፈሰፈሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ለቀበሌያችሁም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ንገሩ። የፖሊዮ ጥርጣሬ የሚጣራው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና መሄድ ጀመረች። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጠንካራ ጫማ ይግዛላት ተባልኩ። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።
(እናት፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ብርሽን ያዢ። ቤት ውስጥ ባዶ እግሯን ትሁን፤ ጣቶቿ መሬቱን ሲቆነጥጡ ነው እግሯ የሚጠነክረው። ውስጥ እግሯ ጠፍጣፋ ቢመስልሽ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው። ሊሾ ላይ ካልሲ ብቻ አታድርጊላት፣ ያንሸራትታታል። ደጅ ስትወጣ ግን ጫማ ግድ ነው፤ ሙጀሌ አለ፣ እሾህ አለ፣ ጠርሙስ ስባሪ አለ። ሶሉ በሁለት ጣትሽ የሚታጠፍ፣ ለስላሳ፣ ከፊት ሰፋ ያለ ይሁን። ገበያ ስትሄጂ ልጅቷን ይዘሽ ሂጂ፤ አቁመሽ ለኪላት፣ ከአውራ ጣቷ ፊት የጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይበቃል። ነጋዴው «ያድግላታል» ብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቢያቀርብልሽ አትውሰጂ፣ እሱን አድርጋ ስትደነቃቀፍ ነው የምትውለው።